ስሙን በራሱ ፊደል

  ባለፉት ወራት ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ቁጠባና ስለ ገበያ ስናወጋ ቆይተናል። የዛሬው ርዕስ ግን ከወትሮው ራቅ ይላል፤ ስለ ሙዚቃ አልበም ሽፋን፣ በተለይም ሽፋኑ ላይ ስለሚያርፈው ፊደል ነው። ሙዚቃውም ለጭፈራ የሚሆን ሳይሆን ተቀምጠው፣ ጸጥ ብለው የሚያዳምጡት ዓይነት ነው፦ የፒያኖ ድርሰት፣ የበገና መዝሙር፣ በተለምዶ ክላሲካል የምንለው።

“መተማ ተቀምጠሽ ይህ ምን አገባሽ?” የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። እንጀራዬ የገበያ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ከተማርኳቸው ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ደግሞ፣ ስም ያልተጻፈበት ዕቃ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የማንም ይሆናል የሚለው ነው።

ለዚህ ከሰሊጥ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። የእኛ አካባቢ ነጭ ሰሊጥ በጆንያ ተሞልቶ፣ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል አልፎ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ እስራኤልና ወደ ሌሎችም አገሮች ይሄዳል። በዓለም ገበያ ግን ገንኖ የወጣው “ሁመራ” የሚለው ስም ነው። በእስራኤል ጣሂኒ የሚያመርቱ ድርጅቶች “ከሁመራ ሰሊጥ የተሠራ” ብለው ማሸጊያቸው ላይ በኩራት ይጽፋሉ። ለጎረቤቶቻችን እሰየው እንላለን። “መተማ” የሚል ማሸጊያ ግን እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁም። ፍሬው ይሄዳል፣ ስሙ ጆንያው ላይ ይቀራል።

በሙዚቃም እንዲሁ ነው። ዜማው ድንበር ሲሻገር አብሮት የሚሄደው ወረቀት ሽፋኑ ብቻ ነው። ዛሬማ ወረቀትም ቀርቶ በስልክ ላይ የጣት ጥፍር የምታክል ምስል ሆኗል። በዚያች ምስል ላይ የማን ስም፣ በየትኛው ፊደል፣ በምን ያህል መጠን ተጻፈ? ጥያቄው የውበት ይመስላል፤ ሲመረመር ግን የባለቤትነት ጥያቄ ነው።

“ስሜን ሌላ ሰው ያንብብልኝ?”

በቅርቡ አንድ ወጣት ጎረቤቴ የአባቱን የበገና ቅጂ በአልበም መልክ ሊያወጣ አስቦ፣ ዲዛይን ቤት ያሠራውን ሽፋን ይዞ ቤቴ መጣ። አባቱን ሰፈሩ ሁሉ “የኔታ” ነው የሚላቸው። በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ በኋላ ከደጋ ወርደው እርሻ ጀመሩ፤ በገናቸውን ግን አልተዉም። እርሳቸውም ከልጃቸው ኋላ ቀስ እያሉ መጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

ሽፋኑ ያሸበርቃል። የፋሲል ግንብ አለ፣ ስትጠልቅ የምትታይ ፀሐይ አለች፣ አንበሳ አለ፣ በመካከል በገና አለ። ስሙ በወርቃማ ቀለም፣ በጥምዝምዝ የላቲን ፊደል፣ ከአንበሳው ጋማ ላይ ተጽፏል። አማርኛ የሚባል ነገር ግን አንድም ቦታ የለም።

“ለምን በአማርኛ አልጻፍከውም?” አልኩት።

“እቴ፣ ዓለም እንዲያነበው ብዬ ነው። ውጭ ያሉት ልጆች አማርኛ አያነቡም። ሰው ዩቲዩብ ላይ የሚፈልገውም በእንግሊዝኛ ነው።”

የኔታ ስልኩን ተቀብለው አራቅ አቀረብ እያደረጉ አዩት። “ይኼ ምን ይላል?” ሲሉ ጠየቁ።

“ስምዎ ነው፣ አባዬ።”

ጥቂት ዝም አሉና፣ “ታዲያ በገናውን እኔ እየደረደርኩ፣ ስሜን ሌላ ሰው ያንብብልኝ?” አሉ።

ቁጣ አልነበረበትም፤ ጥያቄ ብቻ ነበር። ልጁም ክፉ አላሰበም። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፦ ዳያስፖራው አለ፣ የፍለጋው ነገር አለ፣ ገበያው አለ። ግን አንድ ሰው ዕድሜውን የሰጠው ሥራ ላይ ስሙን ማንበብ ካልቻለ ያ ሽፋን ለማን ነው የተሠራው? ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ጉዳይ ከአእምሮዬ ስላልወጣ፣ ሌሎች ሽፋን እንዴት እንደሠሩ ለማየት ብዙ አነበብኩ፣ ብዙም ተመለከትኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ከመቃብር ድንጋይ እስከ ቢጫ ምልክት

የሙዚቃ ሸክላ መጀመሪያ ሲሸጥ ሽፋን አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሸክላዎቹ በቡናማ ወይም በግራጫ ወፍራም ወረቀት ተጠቅልለው፣ የሥራው ርዕስ ብቻ ተጽፎባቸው መደርደሪያ ላይ ይቆሙ ነበር። ነጋዴዎቹ “የመቃብር ድንጋይ” ይሏቸው ነበር።

ይህን የለወጠው አሌክስ ስታይንዋይስ የተባለ በኮሎምቢያ ሬከርድስ የሚሠራ ወጣት አሜሪካዊ ዲዛይነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ለሮጀርስና ሃርት ዘፈኖች ስብስብ ሽፋን ሲያዘጋጅ፣ ኒው ዮርክ የሚገኝ አንድ ቲያትር ቤት ከደጁ በላይ ያለውን በመብራት የተጻፈ ማስታወቂያ አውርዶ የአልበሙን ርዕስ ለጥቂት ጊዜ እንዲሰቅል አግባባ፤ ያንንም ፎቶ አስነሥቶ ሽፋን አደረገው። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ዝነኛ ሽፋን ዋና ነገሩ የዘፋኝ ፊት አልነበረም፣ ፊደል ነበር። ስታይንዋይስ ከዚያ በኋላ የቤትሆቨንንና የሌሎችንም ክላሲካል ሥራዎች በሥዕልና በራሱ የእጅ ጽሕፈት እያስጌጠ ብዙ ሽፋን ሠርቷል፤ ሽያጩም ጨመረ።

ለእኔ ቢጤ ነጋዴ ደግሞ የሚጥመው የጀርመኑ የዶይቸ ግራሞፎን ታሪክ ነው። ኩባንያው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ቢጫ ምልክቱ ግን የመጣው በ1949 ሲሆን፣ ያመጣውም ሙዚቀኛ ወይም ሠዓሊ ሳይሆን ሃንስ ዶሚዝላፍ የተባለ የንግድ ስም አማካሪ ነበር። ሰውየው የገባው ነገር፣ ክላሲካል ሙዚቃ ገዢ የሚሸበረው በምርጫ ብዛት መሆኑን ነው። አንድን ሲምፎኒ ሃያ ኦርኬስትራ ይጫወተዋል። የትኛውን ልግዛ? ቢጫውን ያየ ሰው “ይህን ቤት አውቀዋለሁ” ይላል። በቢጫው ክፈፍ ውስጥም ስሞቹ በሥርዓት ይደረደራሉ፦ ደራሲው፣ ሥራው፣ ተጫዋቹ፣ መሪው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሙኒክ የተቋቋመው ኢሲኤም ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። ባርባራ ቮይርሽ የተባለችው ዲዛይነሩ ከፊደልና ከባዶ ቦታ በቀር ምንም የሌለባቸውን ሽፋኖች ሠራች። ባዶው ቦታ “ዝም በሉና አዳምጡ” የሚል ነው የሚመስለው። በ1987 ሆንግ ኮንግ ላይ የተጀመረው ናክሶስ በበኩሉ ነጭ ሽፋን፣ በመካከል አንድ የጥንት ሥዕል፣ ከላይ የደራሲው ስም አድርጎ በርካሽ ዋጋ ሸጠ።

አራቱም መንገዳቸው ይለያያል። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፦ ፊደሉ ጌጥ አይደለም። ማን ደረሰው፣ ምን ይባላል፣ ማን ተጫወተው የሚሉትን ጥያቄዎች ሽፋኑ በአንድ እይታ መመለስ አለበት። የጎረቤቴ ልጅ አንበሳና ግንብ ሲደረድር የረሳው ይህን ነው።

የጎንደሯ ፒያኖ

ወደ ራሳችን እንምጣ። ከኢትዮጵያ የፒያኖ ደራስያን ስማቸው በዓለም ከሁሉ ይበልጥ የገነነው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ ያ “ከንቲባ” የሚለው ማዕረግም ከጎንደር ጋር የተያያዘ ነው፣ የጎንደር ከንቲባ ነበሩና። እህታቸው ስንዱ ገብሩ ደግሞ ለኢትዮጵያ ፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። እማሆይ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ፣ በኋላም ካይሮ ውስጥ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሙዚቃ አጠኑ። ከዚያ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እማሆይ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ፣ መጠለያ አጥተው በየቅጥሩ ሥር የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች ያያሉ። በዓለም ዙሪያ ከታወቁት ድርሰቶቻቸው አንዱ ስለ ቤት አልባው ተንከራታች የሚያወሳው ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ሲታተም ገቢውን ችግረኞችን ለመርዳት አዋሉት። እነዚያ ቆሎ ተማሪዎች የማን ዘመዶች ናቸው? የእኛው። ምናልባትም የኔታን የመሰሉ።

እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ እዚያው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት፣ ፓሪስ በሚገኘው ቡዳ ሙዚክ በሚታተመው “ኢትዮፒክ” በተባለው ተከታታይ ሥራ 21ኛ ቅጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ለዚህ ሥራ ምስጋና ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 “ታይም” በተባለው ዘጋቢ ፊልም ውስጥም ፒያኗቸው ተሰምቷል።

ታዲያ እኔ የእማሆይን ስም መጀመሪያ ያነበብኩት በምን ፊደል ይመስላችኋል? በላቲን፣ ያውም በፈረንሳይኛ አጻጻፍ። “ገ” ላይ ጭረት የተጨመረበት አናባቢ አለ፤ “ሩ” የሚለውን አንድ ፊደላችንን ለማሰማት ሦስት የላቲን ፊደሎች ተሰልፈዋል። በኋላ የአሜሪካው ሚሲሲፒ ሬከርድስ ሥራዎቻቸውን ሲያወጣ ደግሞ ስሙ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሌላ መልክ ይዞ መጣ። አንዲት ሴት፣ አንድ ስም፣ ሁለት የላቲን አጻጻፍ። በአንዱ የፈለገ ሰው ሌላውን ላያገኝ ይችላል። በአማርኛ ግን አንድ ናት፦ ጽጌ ማርያም ገብሩ። ጽጌ ማለት አበባ ነው፤ ስሙ ትርጉም የሚኖረው በራሱ ፊደል ሲነበብ ነው።

የላቲን ፊደል ጠላት አይደለም፤ ሙዚቃው ድንበር እንዲሻገር ያደረገ ድልድይ ነው። ድልድይ ግን ሁለት ጫፍ ያስፈልገዋል። በዚያ ማዶ ያለው ሰው ስሟን እንዲያነብ በላቲን ጻፉ፤ በዚህ ማዶ ያለችው ሕፃን ደግሞ “ይህቺ የእኛ ናት” እንድትል በፊደላችን ጻፉ። እኛ መተማዎች ይህ አይከብደንም። በከተማችን የሱቅ ሰሌዳው ላይ አማርኛ፣ ዓረብኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ተጽፎ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ከገላባት የሚሻገረውም፣ ከጎንደር የሚወርደውም እንዲያነብ። ባለሱቁ ይህን ካወቀ አልበም አሳታሚው እንዴት ያጣዋል?

ድጓው የሚያስተምረን

“የአማርኛ ፊደል ለዘመናዊ ዲዛይን አይመችም” የሚል ነገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይህን የሚል ሰው አንድ የድጓ መጽሐፍ ገልጦ ይመልከት። የሙዚቃን ጽሑፍ በገጽ ላይ ማሳመር ለእኛ አዲስ አይደለም።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የያሬድን ዜማ ምልክት ሠሩለት። እነ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት ከቃሉ በላይ በደቂቅ ጽሕፈት ይቀመጣሉ። ለዚህም ጸሐፊው በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ቦታ ይተዋል። ዋናው ጽሑፍ በጥቁር፣ ርዕሱና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ገጹን ከራቅ ብሎ ላየው ሰው ቀዩ ብቻውን መንገድ ይመራዋል። ዛሬ ዲዛይነሮች የመረጃ ቅደም ተከተል የሚሉት ይኸው ነው፤ የእኛ ጸሐፊዎች በሁለት ቀለምና በአንድ የመቃ ብርዕ ሠርተውታል።

የፊደላችን መልክም ከዚያ ብርዕ የመጣ ነው። የመቃው አፍ ጠፍጣፋ ስለሆነ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይተዋል። ይህ ውፍረትና ቅጥነት ነው ለፊደላችን ግርማ የሚሰጠው። በማተሚያም የቆየ ታሪክ አለው፦ በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ ሮም ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ፊደላችንን በእርሳስ ሲያትም ኖሯል። በኮምፒውተር ዘመን መጀመሪያ ላይ አንዱ ፕሮግራም የጻፈውን ሌላው ማንበብ እየተሳነው ተቸግረን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ፊደላችን ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ገባ፤ አሁን የትም አገር ያለ ዘመናዊ ስልክ ያነበዋል። ዛሬ ኒያላ አለ፣ በነፃ የሚገኙት አቢሲኒካና ኖቶ አሉ፤ በቁም ጽሕፈት ጠቢቡ በይግዙ ብሥራት ስም የተሰየመ ፎንትም አለ። ምክንያት የለንም።

ዲዛይነሩን ምን እንበለው?

አልበም ለማውጣት ያሰባችሁ፣ ወይም የወላጆቻችሁን ቅጂ ለማቆየት የምትደክሙ፣ ዲዛይን ቤት ስትሄዱ የሚከተሉትን ያዙ።

አንደኛ፣ ስሙ ይቅደም። የተጫዋቹና የደራሲው ስም በፊደላችን፣ በትልቁ ይጻፍ። ላቲኑ ከሥሩ፣ በአነስተኛ መጠን ይከተል። እኩል መጠን ላይ ካስቀመጣችኋቸው ይሻማሉ፤ የላቲኑ ትንንሽ ፊደል ቁመቱ ከፍና ዝቅ ሲል የእኛ ፊደል ደግሞ መስመሩን ሞልቶ ስለሚቆም፣ በአንድ ቁጥር ቢጻፉም አንድ መጠን አይመስሉም። በቁጥር ሳይሆን በዓይን ለኩ።

ሁለተኛ፣ በስልክ ሞክሩት። የድሮው ሸክላ ሽፋን ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፣ የሲዲው 12 ሆነ፣ የስልኩ ግን አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በፊደላችን ካዕብንና ሣልስን ብዙ ጊዜ የሚለየው አንዲት ቅጥያ ናት፤ መካከል ላይ ከሆነች “ሉ”፣ እግር ላይ ከሆነች “ሊ” ትሆናለች። ያቺ ቅጥያ ከጠፋች ስም ይለወጣል። የታወቁትን የበገና ሊቅ አለሙ አጋን አስቡ፤ “ሙ” ላይ ያለችው ቅጥያ ብትደበዝዝ ስማቸው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ሽፋኑን በስልክ አሳንሳችሁ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንብቡት። ካልተነበበ ፊደሉ ይተልቅ፣ ወይም ሌላው ነገር ይቀነስ።

ሦስተኛ፣ አታወፍሩት፣ አታጠማዝዙት። “ደመቅ ይበል” ብላችሁ ኮምፒውተሩ በግድ ሲያወፍረው የ“ጭ” እና የ“ሕ” ውስጥ ይደፈናል። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ ስላለው ርዕሱን በትልቁ ብቻ ጽፎ ያደምቃል። እኛ ያ የለንም፤ የእኛ መንገድ መጠን፣ ቀይ ቀለምና ባዶ ቦታ ነው። ድጓውን አስታውሱ።

አራተኛ፣ አጻጻፉን አጣሩ። “ጽጌ” በ“ጸ” ነው፤ በ“ፀ” የሚጽፈው ግን ብዙ ነው። ሰው ስሙን የሚጽፍበትን መንገድ ራሱን ጠይቁ፤ ከዚያ በሽፋኑም፣ በዩቲዩቡም፣ በፖስተሩም አንድ ዓይነት አድርጉት። በላቲኑም እንዲሁ፤ አንድ አጻጻፍ ምረጡና እስከ መጨረሻው አትለውጡት። ገበያ ውስጥ ስሙን በየጊዜው የሚቀያይር ዕቃ ደንበኛ አይይዝም።

አምስተኛ፣ ጀርባውን አትርሱ። በማን ተደረሰ፣ በየትኛው ቅኝት፣ በምን መሣሪያ፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተቀዳ? ይህ ለወግ የሚጻፍ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ ሥራ ደራሲ ስሙ በሥራው ላይ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ የገንዘብ መብቱም በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ያ 50 ዓመት የልጆችና የልጅ ልጆች ነው። ስሙ በግልጽ ያልተጻፈ አባት ለልጆቹ ማስረጃ አላወረሰም።

የኔታ ሽፋን ምን ሆነ ለምትሉኝ፦ ልጁና እኔ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጠን ተከራከርን። እርሱ አንበሳውን አልሰጥም አለ፤ እኔ ላቲኑን አላጠፋም አልኩት፣ እርሱ የፈራው እሱን ነበርና። በመጨረሻ አንበሳውም ግንቡም ወጡ። የቀረው ነጣ ያለ መደብ፣ በገናው፣ ከላይ የአባቱ ስም በጥቁር፣ “በገና” የሚለው ቃል በቀይ፣ ከሥር ደግሞ በቀጭን ላቲን ያው ስም ነው። በቃላቱ መካከል የጥንቱን ሁለት ነጥብ አስገባንበት፤ ይህ የልጁ ሐሳብ ነው፣ ጥሩም ሐሳብ ነው። የኔታ አንድ በአንድ ፊደሉን እየቆጠሩ አነበቡትና “እንግዲህ ይኼ እኔ ነኝ” አሉ።

ለቤተሰብ የሚሆን የቤት ሥራ

አልበም የማታሳትሙ አንባቢዎቼ፣ ይህ እኔን አይመለከተኝም እንዳትሉ። ልጆቻችን ሙዚቃ የሚሰሙት በስልክ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በጣት እየዘለሉ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ያልፋሉ። እስቲ በዚህ ወር አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፉና የእማሆይን ፒያኖ ክፈቱ። ወይም ከያሬድ ትምህርት ቤት ተነሥቶ ሶፊያ ድረስ ሄዶ የተማረውን የግርማ ይፍራሸዋን “ፍቅርና ሰላም” አልበም ስሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የወጣ ነው። ወይም የአለሙ አጋን በገና። ከማዳመጣችሁ በፊት ግን ልጆቻችሁ ሽፋኑን ያንብቡት። ስሙ በምን ፊደል ተጽፏል? የላቲኑን በአማርኛ ሲጽፉት ምን ይሆናል? ስሙስ ምን ማለት ነው?

አራተኛ ክፍል የሆነ ልጅ “ጽጌ” የሚለውን በራሱ እጅ ሲጽፍ፣ ያ ሙዚቃ ከሩቅ የመጣ እንግዳ መሆኑ ይቀራል። ወረቀት ስጡት፣ የራሱን ሽፋንም ይሥራላት። ውጭ አገር ያላችሁ ቤተሰቦች ደግሞ ፊደል ለማስተማር ከዚህ የሚቀል ምክንያት አታገኙም፤ “ሀ ሁ”ን በቃል ከማስጠናት በሚወደው ዜማ ላይ ያለውን ስም ማስነበብ ይቀላል።

የእኛ ከተማ ሙሉ ስሟ መተማ ዮሐንስ ነው። በ1881 ዓ.ም. እዚሁ የወደቁትን የአፄ ዮሐንስ አራተኛን ስም ይዛ እስከ ዛሬ ትጠራለች። ስም እንዲህ ነው፤ ከጻፉትና ከጠሩት ይቆያል። ሰሊጣችንም፣ ዜማችንም ከቤት ሲወጡ ስማቸውን ይዘው ይውጡ።

ቤት ውስጥ የቆየ ሸክላ ወይም ካሴት ያላችሁ፣ ሽፋኑን አውጡና በደንብ ተመልከቱት፤ የፊደሉ ነገር ምን እንደሚመስል ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ሰላም ቆዩ።